ከራሴ የጻፍኳት መስመር

በኛ ጊዜ ኳስ የሚታይ ነገር አልነበረም፣ የሚሰማ ነገር ነው። እናንተ ዛሬ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ትገዙና ተጋድማችሁ ታያላችሁ፣ ይመቻችሁ። እኛ ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት የምንጠብቀው በጆሯችን ነው፣ እሱም ከተገኘ። ሬዲዮ የለም አልልህም፣ ከዚራ ሰፈር ነበር፣ መጋላ ሰፈርም ሁለት ሦስት ነጋዴ ቤት ነበር። ግን ድሬ ሙቀቱ ሲበረታ የአዲስ አበባው ሬዲዮ እንደሚጠበስ ሥጋ ችስስስ ይላል እንጂ ሰው አይናገርበትም። ታዲያ ወሬው በምን ይመጣል ብትለኝ፣ በምድር ባቡር ስልክ ነው። እና ያን ስልክ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጻፍክ? ቀስ ብለህ ጻፍ፣ እኔ የምሄድበት የለኝም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ ጣቢያ በሙከራ የገባሁ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ሁለት ነው፣ ስልክ መቀበልና ሰሌዳ መጻፍ። ሰሌዳው ከጣቢያው በር ጎን በሁለት እንጨት የቆመ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ የትኛው ባቡር መጣ፣ የትኛው ዘገየ፣ ስንት ሰዓት ዘገየ፣ ሁሉም በጠመኔ እዚያ ላይ ይጻፋል። ሰው ሰዓቱን የሚያየው ከሰሌዳው ነው። እንጀራውን የሚሸጠው፣ ጋሪ የሚነዳው፣ ከዋሂል መንደር ከብት ይዞ የመጣው፣ ሁሉም መጥቶ ሰሌዳውን ያያል። ማንበብ የማይችለውም ያስነብባል።

እና የባቡር ሥራ ሁለት ሕግ አለው፣ አቦ፣ እነዚህን ካልያዝክልኝ የቀረው አይገባህም። አንደኛው፣ በስልክ የሰማኸውን መልሰህ ትናገራለህ። ያኛው «ልክ ነው» ይላል። «ልክ ነው» ሲል ነው የምትጽፈው። ካላለ የአባትህ ድምፅ ቢሆን አትጽፍም። ሁለተኛው፣ የተሳሳተ አይጠፋም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ትክክለኛው ይጻፋል፣ የተሳሳተው ሰው ይፈርማል። የተሰረዘውም መነበብ አለበት። ይህ የመዝገብ ሕግ ነው እንጂ የሰሌዳ አይደለም ትለኝ ይሆናል። የጣቢያችን አለቃ፣ ሼፉ እንለው ነበር፣ ለእሱ ሰሌዳም መዝገብ ነው። ቀጭን ሰው ነው፣ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል። «ዩሱፍ» ይለኛል፣ እንዲህ ዝቅ አድርጎ፣ «ሰሌዳው አንድ ቀን ከዋሸ ነገ ባቡር ሲዘገይ ማን ያምነናል?» ይለኛል። እኔም እፈራለሁ። የተፈጠርኩትም ፈሪ ሆኜ ነው። የቆለፍኩትን በር ተመልሼ ሦስቴ የምነካ ሰው ነኝ። ጠይቃት ይቺን።

(የሐጂ ዩሱፍ ሚስት ወይዘሮ ዘይነብ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። «አራቴ» አሉ።)

እሺ፣ አራቴ። ታዲያ ሙከራዬ ስድስት ወር ነው፣ እና የሚያልቀው ሰኞ ነው። ጨዋታው እሑድ፣ ሙከራዬ ሰኞ። የዘይነብ አባት አባ ጅብሪል የምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ክንዳቸው ይህን ምሰሶ ያክላል። «ልጄን በሙከራ ላለ ሰው አልሰጥም፣ ቋሚ ሁንና ና» ብለውኛል። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ኒካሑ ሐሙስ ሊታሰር ተቆርጧል። ቋሚ የሚያደርገኝን ወረቀት ሰኞ ሼፉ ይፈርማል፣ ሐሙስ እኔ እፈርማለሁ። ይህን ያዝ። እኔ በዚያ እሑድ የምፈራው ለአገሬ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ኳሱ ልምጣልህ። የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር አራት አገር ነው የጀመረው፣ አንዷ እኛ ነን። ካርቱም ሄድን፣ ከግብፅ ጋር ደረሰን፣ አራት ለባዶ። በሚቀጥለው ካይሮ ሄድን፣ አሁንም ግብፅ፣ አሁንም አራት ለባዶ። ግብፅ በዚያ ዘመን ስሟ ሌላ ነበር፣ ከሶሪያ ጋር ገብታ ረጅም ስም አውጥታ ነበር፣ እኛ ግን ግብፅ ነው የምንላት። ታዲያ ድሬ ውስጥ አራት የሚባለው ቁጥር የተጠላ ቁጥር ሆነ። ሰው ነገር ሲከሽፍበት «አራት ለባዶ ሆንኩ» ይላል። ሦስተኛው ጊዜ ዋንጫው አዲስ አበባ ተዘጋጀ። ቱኒዝያን አሸነፍን። ለዋንጫ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ግብፅ።

ጥምቀት ካለፈ ሁለት ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ፊት ሰው እንደ ጉድ ሞላ። የወርክሾፑ ሰው ከነቱታው መጣ፣ የመጋላ ሰው የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ መጣ። አባ ጅብሪል ፍየል እየጎተቱ መጡና ከሰሌዳዬ እግር ላይ አሰሯት። «ዋርያ ዩሱፍ፣ ካሸነፍን እዚሁ ትታረዳለች። ካልሆነ ግን አንተም ፊቴ እንዳትቆም» አሉኝ። ቀልዳቸው ነው፣ ግን እኔ ቀልድ መሆኑን በሦስተኛው ቀን ነው የማውቀው።

አዲስ አበባ ለገሀር ላይ ስልክ የሚይዘው ታደሰ የሚባል ጓደኛዬ ነው። መልኩን አይቼው አላውቅም፣ በድምፅ ነው የምንዋደደው። አንድ ሬዲዮ ከስልኩ አጠገብ አስቀምጧል። ይህ ክልክል ነው፣ መስመሩ ለባቡር እንጂ ለወሬ አይደለም። ሼፉ ግን ያን ቀን «ባቡር በሌለበት ሰዓት አልሰማሁም» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ዞር ብሎ «ሰሌዳው ላይ ግን የምትጽፈውን አነባለሁ» አለኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እጄ ላይ ያለው ጠመኔ ላብ ሆነ።

ታዲያ ስልኩ ጮኸ። ታደሰ ነው።

«ግብፅ አገባች። ባዶ ለአንድ።»

«ግብፅ አገባች፣ ባዶ ለአንድ» አልኩ።

«ልክ ነው።»

ወጥቼ ጻፍኩ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ «ሦስት ቀረ» አሉ። እስከ አራት የሚቀረውን መቁጠራቸው ነው። እረፍት ሆነ፣ ከእረፍት ተመለሱ፣ ስልኩ ዝም። የስልኩን እጀታ ማዞር እፈራለሁ፣ ሳዞረው ሁለተኛውን ጎል የማመጣው እየመሰለኝ። ብዙ ቆይቶ ጮኸ፤ አገባን። አንድ ለአንድ። ልክ ነው። ወጥቼ ጽፌ ሰው ሲጨፍር ገና ወደ ወንበሬ ሳልደርስ ደግሞ ጮኸ፤ አንድ ለሁለት፣ ለግብፅ። አሁን ይህን ማን ይጽፋል? ሰው እየጨፈረ ነው። ጠመኔውን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ አባ ጅብሪል ፊቴን አዩና «ንገረን ባክህ፣ ፊትህ ጽፎታል» አሉኝ። ጻፍኩ።

ከዚያ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ታደሰ ድምፁ ጠፍቶ መጣ፣ በሹክሹክታ፣ እንደሚያለቅስ ሰው። «ሁለት ለሁለት።» መልሼ አልኩለት። «ልክ ነው፣ ወላሂ ልክ ነው» አለኝ፣ ክርስቲያን ነው እኮ፣ ከኔ ነው የለመደው። ጻፍኩ። እና ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ዩሱፍ፣ ሰዓቱ አለቀ፣ ሁለት ለሁለት።»

«ሰዓቱ አለቀ፣ ሁለት ለሁለት።»

«ልክ ነው። እና አሁን» ሲል የሚኤሶ ጣቢያ ገባበት። «መስመር ልቀቁ፣ የጭነት ባቡር ልለቅ ነው።» ባቡር ካለ ወሬ የለም። ታደሰ ተቆረጠ።

ወጥቼ «ሰዓቱ አለቀ። ሁለት ለሁለት» ብዬ ጻፍኩ። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነኝ። ልጄ፣ እዚህ ላይ ልብ በልልኝ። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

«እና?» አሉ አባ ጅብሪል። «አለቀ ማለት ምን ማለት ነው? ዋንጫው የማን ነው?»

«ሁለት ለሁለት ነው፣ አባ ጅብሪል።»

«እሱንማ አየነው። ቀጥሎስ? እዚህ እንደር?»

እኛ ድሬ ውስጥ በየእሑዱ ደቻቱ አሸዋ ላይ የምንጫወተው የሠራተኞች ዋንጫ አለ። የዚያ ሕግ፣ እኩል ከወጣችሁ ሂዱ፣ በሚቀጥለው እሑድ ተመለሱ ነው። ሌላ ሕግ አላውቅም። ጭማሪ ሰዓት የሚባል ነገር በአሸዋ ላይ ማን አይቶ፣ በፀሐዩ ዘጠናውን የጨረሰም ጀግና ነው። ታዲያ የዚያን ሁሉ ሰው ዓይን ስፈራ እጄ ራሱ ጻፈ። «ድጋሚ ይጫወታሉ።» ሁለት ቃል። ማንም ያላለኝ፣ ማንም «ልክ ነው» ያላለው።

ሰው ተነፈሰ። «ተመስገን፣ አራት አልሆነም» አሉ ሽማግሌው። አባ ጅብሪል ፍየሏን ፈቱና «ጨዋታው ድጋሚ ከሆነ ፍየሏም ድጋሚ ትምጣ» ብለው ጎትተዋት ሄዱ። የመጋላ ሰው በደቻቱ፣ የከዚራ ሰው በጥላው፣ ሁሉም ተበተነ። ጣቢያው ፊት እኔና የፍየሏ በጠጥ ቀረን።

ተቀመጥኩ። የጭነቱን ባቡር መዝገብ ላይ አሰፈርኩ። እና ከደብተሬ የእሑዱን ወሬ ደግሜ አየሁ፣ እንደ ልማዴ። በያንዳንዱ ወሬ ጎን «ልክ ነው» የተባለበትን ምልክት አደርጋለሁ። ባዶ ለአንድ፣ ምልክት አለው። አንድ ለአንድ፣ አለው። አንድ ለሁለት፣ አለው። ሁለት ለሁለት፣ አለው። ሰዓቱ አለቀ፣ አለው። ድጋሚ ይጫወታሉ፣ ደብተሩ ላይ የለም። ታደሰ «እና አሁን» ብሎ ነበር። እና አሁን ምን? መስመሩ ገና አልተለቀቀም። ያን ባቡር በሕይወቴ እንደዚያ ጠብቄው አላውቅም። ተነስቼ በሩን ነካሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ።

ከሚኤሶ የወጣው ባቡር የሚቀጥለው ጣቢያ ደረሰ ሲባል እጀታውን አዞርኩ።

«የት ነው የጠፋኸው አንተ?» አለኝ ታደሰ። «በጭማሪው ሦስት ለሁለት እየመራን ነው።»

«በምኑ?»

«በጭማሪ ሰዓት። እኩል ሲወጡ ሠላሳ ደቂቃ ይጨመራል። ልነግርህ ስል ተቆረጠ እኮ።»

«ድጋሚ አይጫወቱም?»

«ይኸው እየተጫወቱ ነው። ምን ነካህ?»

ጆሮዬ ላይ የስልኩን ቀፎ ይዤ በመስኮት ሰሌዳዬን አያለሁ። ድጋሚ ይጫወታሉ ይላል። ከተማው ሁሉ ይህን ይዞ ቤቱ ገብቷል። ነገ የሼፉ ብዕር ወረቀቴ ላይ ነው። እና ምን እንደተመኘሁ ልንገርህ? ዘይነብ እንኳ እስከ ዛሬ ይህን አልሰማችም። ግብፅ አንድ አግብታ እኩል ሆኖ ጨዋታው ድጋሚ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። አገሬ ዋንጫ ልትወስድ ነው፣ እኔ የጻፍኩት እውነት እንዲሆን ብዬ በአገሬ ላይ ጎል ለመንኩ። አስተግፊሩላህ። ፍርሃት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ቆየ። «አራት ለሁለት» አለኝ ታደሰ። «አለቀ። አሁን በእውነት አለቀ።»

«ለማን?»

«ለኛ ነዋ። ለማን ሊሆን ነው?»

«ኢትዮጵያ አራት፣ ግብፅ ሁለት፣ ጨዋታው አለቀ፣ ዋንጫው የኢትዮጵያ ነው።»

«ልክ ነው። ሌላ የምትጠይቀው አለ?»

«ድጋሚ አይኖርም?»

«አንተ ሰው ታመሃል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እርጥብ ጨርቅ ይዤ ወጣሁ። ከደቻቱ ማዶ የመግሪብ አዛን ይሰማል፣ ጣቢያው ፊት ሰው የለም። አንድ ጊዜ ባብሰው በቃ፣ ንጹሕ ሰሌዳ ነው፣ አራት ለሁለት ብዬ እጽፍበታለሁ። ማን አየህ ይለኛል? ካስፈለገም ድጋሚ ያለኝ አዲስ አበባ ነው እላለሁ። ግን ያን ካልኩ ነገ የታደሰን እንጀራ ነው የምነካው፣ መልኩን እንኳ ሳላየው። ጨርቁን ሰሌዳው ላይ አሳረፍኩ። ጥግ ላይ የነበረች አንዲት ፊደል ረጠበች። እና አቆምኩ። ይህን ጀግንነት ብለህ እንዳትጽፍ። ፈርቼ ነው። ሰው ሁሉ ያነበበውን ሳጠፋ ሼፉ ያቺን ዝቅ ያለች ድምፁን ሲያወጣት ታሰበኝ። ጨርቁን አስቀመጥኩና በ«ድጋሚ ይጫወታሉ» ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከሥሩ «በጭማሪ ሰዓት፣ ኢትዮጵያ አራት፣ ግብፅ ሁለት። ዋንጫው የኛ ነው» ብዬ ጽፌ ዩሱፍ ብዬ ፈረምኩ። ጠመኔው ሁለቴ ተሰበረ።

መጀመሪያ የደረሱት ከሶላት የወጡ ሰዎች ናቸው። አዩት። ይጨፍራሉ ብዬ ስጠብቅ እርስ በርስ ተያዩ። ሌላ መጣ፣ ሌላ መጣ፣ አባ ጅብሪልም ከነፍየላቸው ተመለሱ። ማንም አይጨፍርም።

«አራት?» አሉ ሽማግሌው። «አራት የግብፅ ቁጥር ነው። ልጁ ገልብጦ ጽፎት ነው።»

«ቅድም አለቀ አልክ» አሉ አባ ጅብሪል። «ከዚያ ድጋሚ አልክ። አሁን ደግሞ አራት ለሁለት። እኔ ይቺን ፍየል ስንት ጊዜ ነው የማመላልሳት? የቱን ነው የምናምንህ?»

«የታችኛውን።»

«የላይኛውንም የጻፍከው አንተ ነህ።»

እውነታቸውን ነው። አገሬ ዋንጫ ወስዳለች፣ ድሬ ሙሉ ቆሞ አላምንም ይላል፣ በኔ በሁለት ቃል ምክንያት። «የነገ ባቡርም አይመጣም በለን» አለ አንዱ ጋሪ ነጂ። ሳቁብኝ። እና ሳቁ መሀል ሰው መንገድ ለቀቀ፣ ሼፉ በእሑድ ኮቱ መጣ። ሰሌዳውን ከላይ ጀምሮ እያንዳንዱን መስመር አነበበ። የተሰረዘችው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ዩሱፍ፣ ይህን ያለው ማነው?» ዝቅ አድርጎ።

«ማንም። ከራሴ ነው።»

ወደ ውስጥ ገባ። በመስኮት እናየዋለን። እጀታውን አዞረ፣ ቀፎውን ጆሮው ላይ አደረገ፣ አዳመጠ። መልሶ ሲናገር አየን። ራሱን ነቀነቀ። ወጣ። ጠመኔውን ከእጄ ወሰደና ከኔ ፊርማ ሥር «ልክ ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

በዚያን ጊዜ ድሬ ምን እንደሆነች አልነግርህም፣ አይነገርም። በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአደርኛ፣ ሁሉም በየቋንቋው ይጮሃል። የቆመው ባቡር ነጂ ጥሩምባውን ይዞት ቀረ። ፍየሏ ታረደች። እኔ ግን ቢሮ ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ከሼፉ ፊት።

«ከራስህ ጽፈሃል» አለኝ። «ለዚህ ሙከራህ ሦስት ወር ይራዘማል።» ውጭ ሰው እየዘፈነ ነው። «ሰሌዳውን አጥፍተኸው ባገኝ ኖሮ ግን ዛሬውኑ ቁልፉን ትሰጠኝ ነበር። ሂድ፣ ሥጋ ብላ።»

ወጥቼ ለአባ ጅብሪል ነገርኳቸው። በእጃቸው የጎድን ሥጋ ይዘዋል። «አገር ዋንጫ አገኘች፣ አንተ ሦስት ወር አገኘህ» አሉኝ። «በል ብላ። ልጅቷም የትም አትሄድ።»

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን ብዙ ቦታ ሄደ። ጋና ሄደ፣ ቱኒዝያ ሄደ፣ ደግሞ እዚሁ አገራችን ተዘጋጅቶ ነበር፣ ዋንጫው ለሌላ ሄደ። ያ ዋንጫ አልተመለሰም። እኔም በየጊዜው ስልኩን ይዤ ቆሜያለሁ፣ «እና ቀጥሎስ?» ሲሉኝ «አላውቅም» እላለሁ። ሰው አላውቅም ማለትን በሦስት ወር ከተማረ ርካሽ ነው። ሕይወት እንዳስተማረችኝ ከሆነ፣ ልጄ፣ ሰው የሚጠፋው ባለማወቁ አይደለም፣ ሰው ፊት ዝም ማለት ሲያቅተው ነው። ይኸው ነው። ሦስት ወር ጠብቄ አገባኋት።

«አራት» አሉ ወይዘሮ ዘይነብ።

«ምኑ ነው አራት?» አሉ ሐጂ ዩሱፍ።

«ወሩ ነዋ። ወረቀቱ ሳይፈረም አንድ ወር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አራት ወር ነው የጠበቅኩህ።»

«ሼፉ ያለው ሦስት ነው።»

«የጠበቀው ሼፉ ነው ወይስ እኔ?»

ሐጂ ዩሱፍ ደብተሬን አዩ። እኔ ላጲሱን አንስቼ ነበር። እጄን ያዙኝ። «ኧረ አቦ፣ አታጥፋው። በላዩ መስመር አስምርና ከሥሩ አራት በል። የኔም ይነበብ።» አሰመርኩ፣ ጻፍኩ። እርሳሱን ተቀብለው ፈረሙ።

ወይዘሮ ዘይነብ እጃቸውን ዘረጉ። «ወዲህ በለው» አሉኝ። «እኔ ልክ ነው ካላልኩ ማን ያምነዋል?» ከባላቸው ፊርማ ሥር ጣታቸውን በእርሳሱ አጥቁረው አሳረፉና እስኪያነጥሳቸው ሳቁ።